በዳቦ ቢላ የተከፈለው መጽሐፍ

ጥር 14

ለቅልብልቧ ታናሼ፣

ገጹን በሰላምታ አልሞላውም፤ ደህና አለመሆንሽን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጽሐፍ መመለሻው ጠረጴዛ ጋ ነበርኩ። ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። አንዱ አንባቢ ፊቴን አይቶ «እትዬ፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለኝ። «እህቴ ናት፣ መጽሐፍ ምረጪልኝ ትለኛለች» ስለው ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ አዎ፣ ይቻላል። ዋስትና ግን የለኝም። እዚህ ቤተ መጻሕፍት ፀጉሬ እስኪሸብት ስሠራ መጽሐፍ ሰውን ሲያስታርቅ አይቻለሁ፣ ሲያጣላም አይቻለሁ። የባልሽ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። አንቺ ደግሞ ሻንጣሽን ይዘሽ ዘው አልሽ። ብትዘጋሽ ምን ይገርማል? እኔ በሆንኩ ሻንጣሽን በመስኮት ነበር የምወረውረው። ትምህርት ሲዘጋ ከእናቷ እህት ጋር ልኖር እሄዳለሁ ማለቷ አባቷን እንዳስጨነቀው ጽፈሽልኛል። አንቺን ለምን እንቅልፍ እንደነሳሽ ግን አልጻፍሽም። እኔ ልጻፍልሽ፦ ወደሻታል፣ እንድትቀርልሽ ትፈልጊያለሽ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሥራችን። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወጃለሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ይዋሻል። እኔ የማየው ጀምሮ የተወውን ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ የሚውል መካኒክ አለኝ፣ የሙታን መንፈስ የሌለበት መጽሐፍ ከሰጠሁት ያኮርፈኛል። ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉኝ፣ የወጣቶች የፍቅር ታሪክ ካልሆነ አይነኩም፤ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። የአንቺዋ ልጅ መምህሯ የሰጣትን የምክር መጽሐፍ ትታለች፣ አንቺ የገዛሽላትንም የፍቅር ታሪክ ትታለች። ያልተወችው በጋዜጣ የሚወጣውን አስፈሪ ተከታታይ ታሪክ ብቻ ነው ብለሻል። እንግዲያው እናስፈራታለን።

አብሮ የመጣው ከእኛው ቤት መጻሕፍት አንዱ ነው። በአንድ መጽሐፍ ፀጉር ለፀጉር ስንያያዝ እማማ የዳቦ ቢላውን አምጥታ ከመሃል ከፍላ «አንቺ መጀመሪያውን፣ አንቺ መጨረሻውን» ያለችን ቀን ትዝ ይልሻል? ስንት አለቀስን! ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖብን ቀረ፦ እኔ ሁሌ የፊተኛው ግማሽ፣ አንቺ ሁሌ የኋለኛው። የቀረውን በአፍ እንነጋገራለን፤ ከተኳረፍን ደግሞ እንደዚያው ይቀራል። ሽፋኑ በእኔ ግማሽ ላይ ስለሆነ ስሙን ላታውቂው ትችያለሽ። ግማሹን ብቻ የላክሁት ወፍራም ጥቅል ፖስታ ቤት ስለሚከርም ነው፤ ቀጭኑ እንደ ደብዳቤ ሹልክ ብሎ ያልፋል። የኋለኛው ግማሽም፣ የአንቺ ግማሾች ባሉበት ሳጥን ውስጥ፣ እኔው ዘንድ አለ።

በእጇ አትስጫት። የምታልፍበት ቦታ ላይ ተይው፣ አንብቢም አትበያት። ሽብር አለው፣ ሐዘን የለውም፤ እኔ አውቅልሻለሁ።

ታላቅሽ

የካቲት 2

እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ልጽፍ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስነሳኛል። ዛሬ ግን ሰላምታውም ይቆየን። ተናገረችኝ!

ግማሹን መጽሐፍ ወጥ ቤት፣ ስኳሩ አጠገብ ተውኩት። በማግሥቱ የለም። እንዳልሽው ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሐሙስ ፋርማሲ ሆኜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፑን አለካክ ሳሳይ የባሌ ልጅ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሰልፉን ጥሳ መጣች። ግማሹን መጽሐፍ መስታወቱ ላይ ጧ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው» አልኳት።

«መጽሐፍ አይደለም። ማን ነው የቆረጠው?»

«እናቴ ነበረች። በዳቦ ቢላ።»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» አለችኝ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን እኮ ነው» ብለው አገዟት። «የቀረውስ?» «እህቴ ትልከዋለች።» «መቼ?» «ስጽፍላት።» «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላኝ ወጣች። እታለም፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የነገረችኝ ሁሉ ቢጠራቀም የዚያን ቀኑን አያህልም። ለሴትዮዋ ሽሮፑን በስንት ማንኪያ እንዳልኳት እስኪጠፋኝ ድረስ ተደናገርኩና መልሼ ጠርቼ አስረዳኋት።

አንቺ ታዢያለሽ፣ እኔ አድላለሁ፤ ሥራዬም ይኸው ነው። ስለዚህ በሞትኩት፣ ቶሎ ላኪው። ባሌም ደህና ነው። ሱቁ ተቀምጦ የሰው ሰዓት ሲፈታ ይውላል። የቤቱን ነገር ሳነሳበት «ተያት፣ ይወጣላታል» ይለኛል፤ ራሱ ግን በሯ ላይ ቆሞ ሳያንኳኳ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ትምህርት ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ሲታሰበኝ እግሬ አላርፍ ይለኛል። የፖስታ ሳጥኑን በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እከፍተዋለሁ።

ታናሽሽ

የካቲት 11

ቅልብልቤ፣

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ከንባብ አዳራሹ ወጣሁ፤ ሰውን ዝም በሉ የምለው እኔ ነኝ እኮ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» ያለችውን ከአሁን በኋላ በበራችን ላይ እንጻፈው።

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ አላረዝምም። የኋለኛው ግማሽ ይኸው። ሳጥንሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሽፋን አልባ ስለሆኑ መንታ ይመስላሉ፣ ግን አገኘሁት። ስትጨርስ «ወደድሽው?» አትበያት። «የቱ ጋ ነው የተውሽው?» በያት፤ ሰው መጽሐፍ የተወበትን ቦታ ሲናገር ሳያስበው ብዙ ነገር ይናገራል።

ታላቅሽ

የካቲት 27

እታለም፣

የላክሽው የሌላ መጽሐፍ ግማሽ ነው።

ቆይ፣ አትደንግጪ፣ መጀመሪያ ሳቂ። የፊተኛው ግማሽ የት ላይ እንደሚቆም ታውቂያለሽ። የታሪኩ ልጅ የግድግዳ ወረቀት የተለጠፈበት በር አግኝታ፣ ከበሩ ኋላ ሴት ስታንጎራጉር ሰምታ፣ እጇን እጀታው ላይ ታሳርፋለች። እጀታው ይሞቃል። አሁን የላክሽው ግማሽ ደግሞ እንዲህ ይጀምራል፦ «ዋና ልብስሽን ለብሰሽ ቶሎ ነዪ፣ ውድድሩ ሊጀመር ነው!» አለቻት አሠልጣኟ።

የእኛዋ ልጅ ደራሲው አውቆ ያደረገው መስሏት! ከበሩ ኋላ የመዋኛ ገንዳ አለ ብላ፣ ዋናተኞቹ በሙሉ ሰጥመው የሞቱ ናቸው ብላ፣ አሠልጣኟ ነፍስ ሰብሳቢ ናት ብላ ግማሹን አገባደደችው። እራት ላይ ተቀምጠን ድንገት «የገባኝ ነገር አለ» አለች። ባሌ ማንኪያውን አፉ አጠገብ ይዞ ቀረ። ጥርሱ ላይ ሽቦ ያሰረው ልጅ ዋናተኛዋን ሲስማት «አትሳሚው፣ ሞቷል!» ብላ መጮኋን ስትነግረን አልቻልኩም፤ ውሃው በአፍንጫዬ ወጣ። እህቴ ተሳስታ የወጣቶች የፍቅር ታሪክ ልካልሽ ነው ስላት መጀመሪያ ኮስተር አለች። ቀጥላ ሳቀች። እታለም፣ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አባቷ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ሳህን ያጥብ ጀመር፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ትክክለኛውን መጀመሪያ ለእኔ ከሥሩ ተረከችልኝ። ያን ጊዜ ነው ሳቄ ያለቀው። የሚሞቀውን እጀታ፣ የማንጎራጎሩን ነገር ስትነግረኝ ታወሰኝ። ያን ታሪክ አውቀዋለሁ። መጨረሻውን አንብቤዋለሁ፣ በልጅነቴ፣ አንቺን አኩርፌ አልጋ ሥር ገብቼ።

ከበሩ ኋላ ያለችው የልጅቷ እናት ናት፣ የሞተችው እናቷ። ልጅቷ በየቀኑ በሩ ላይ ጆሮዋን ስለምትለጥፍ እናትየዋ መሄድ አልቻለችም። በመጨረሻ ልጅቷ ማድመጧን ትታ፣ እቃዋን ሸክፋ ከቤቱ ትወጣለች፤ እናትየዋም ታርፋለች። ሐዘን የለውም ያልሽኝ መጽሐፍ ይኸው ነው። ምን ነካሽ?

እንዳትልኪው። እለምንሻለሁ፣ እንዳትልኪው።

ታናሽሽ

መጋቢት 9

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ራሴን ስሰድብ ሰነበትኩ፤ አንቺ ልትጨምሪበት የምትችይው ስድብ አልቀረም።

ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ያኔ ተኳርፈን ስለነበር መጨረሻውን አልነገርሽኝም። እኔም ተንኮለኛ ስለነበርኩ አልጠይቅም ብዬ ራሴ ገመትኩት፦ ከበሩ ኋላ የተደበቀች ሌባ ናት፣ ትያዛለች፣ አለቀ። ግምቴን እያደር እያመንኩት፣ ያነበብኩት አድርጌ ለስንቱ ሰው አወራሁት። መካኒኩ ባለፈው ወር «ሌባ ትያዛለች ያልሽኝ መጽሐፍ የት አለ?» ሲለኝ እንኳ አልጠረጠርኩም። መጽሐፍ መራጭ ነኝ ብዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ!

እሺ፣ አልልከውም። ለልጅቷ የምትነግሪው ግን የአንቺ ፈንታ ነው። አደራሽን፣ ጠፋ ብለሽ እንዳትዋሺ። አንባቢ የቀረውን ግማሽ ስትከለክይው ምን እንደሚሆን እኔና አንቺ እናውቃለን።

ታላቅሽ

ሚያዝያ 3

እታለም፣

ለልጅቷ ጠፋ ብያታለሁ ብዬ ከጻፍኩልሽ በኋላ የላክሽው የስድብ ደብዳቤ ደርሶኛል። እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል፤ «ዓይንሽን በጨው አጥበሽ» ያልሽውም ጭምር።

አዎ፣ ጠፋ አልኳት። አላመነችኝም። «እህትሽ የዋናውን በስህተት ከላከች ትክክለኛው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው ማለት ነው። እንዴት ይጠፋል?» አለችኝ። ፋርማሲ ውስጥ ሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሳይ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ፤ እሷም እንደዚያ ነው ያየችኝ። «መጨረሻውን ታውቂዋለሽ፤ ስነግርሽ ፊትሽ ተለዋውጧል» አለች። «አላውቅም» አልኳት። ምላሴን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር። ይኸው ከዚያ ወዲህ ተመልሳ ዝም። የቀድሞው ዝምታዋ እኔን አለማወቅ ነበር፤ የአሁኑ አውቃኝ ነው።

አክስቷ ባለፈው እሑድ መጥታ ነበር። መልካም ሴት ናት፣ ክፉ ልላት ፈልጌ አቃተኝ። አልጋው ተዘጋጅቷል፣ ትምህርት ቤትም ተጠይቆላታል። ባሌ «እሷ ካለች ምን አደርጋለሁ» ብሎ ሱቁ ገባ።

በዚያው ደብዳቤ «ለእሷ ነው ወይስ ለራስሽ የፈራሽው?» ብለሽኛል። ለራሴ ነው። ሐዘኑ ይጎዳታል ብዬም ፈርቻለሁ፣ እሱ ውሸት አይደለም። ግን አንጀቴን የሚበላኝ የመጨረሻው ገጽ ነው፦ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ መውጣቷም ትክክል ነው። ይህን አንብቢ ብዬ በገዛ እጄ ልስጣት? ሥራ ላይ እቃ ይወድቅብኛል። ለአንዱ የሆድ ቁርጠት ክኒን ፈንታ ቫይታሚን አውጥቼ፣ ራሱ ሳጥኑን አይቶ መለሰልኝ።

ቢሆንም ላኪው። ውሸታም ሆኜ ከምታስታውሰኝ እውነቱን ይዛው ትሂድ። ቶሎ ላኪው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።

ታናሽሽ

ሚያዝያ 14

ታናሼ፣

ትክክለኛው ይኸው። የመጀመሪያውን መስመር ለፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሳይቀር ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እጀታው አለበት፣ ይሞቃልም።

ከመላኬ በፊት ቢሮዬን ቆልፌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፣ ከዚያ ምክር ይበቃኛል። የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚላት አንቺም እኔም አናውቅም። አንድ መጽሐፍ ለመካኒኩና ለዳኛው ሰጥቼ አንድ ዓይነት ነገር አንብበው የመጡበት ቀን የለም።

ስትሰጫት አውቀሽ እንደዋሸሻት ንገሪያት። ከዚያ ከክፍሉ ውጪ።

ታላቅሽ

ግንቦት 6

እታለም፣

ሰጠኋት። የሆነውን አሁን አልጽፍም፤ ብጽፍ እጄ ላይ ይቀየርብኛል። ደህና ነን። ደህና ነን የምለው የታመመ ስለሌለ ነው። ለአንቺ ጤና እንደምጨነቅ ታውቂያለሽ፣ ጉልበትሽስ?

ታናሽሽ

ሰኔ 20

እህቴ፣

ጉልበቴ ደህና ነው፣ ልቤ ግን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ምነው ዝም አልሽ? ትምህርት ተዘግቷል። ሄደች? ቀረች? አባቷስ? ዳኛው እንኳ «የእህትዎ ልጅ እንዴት ሆነች?» ብለው ይጠይቁኛል፤ አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ ተቆጪኝ። እንደ ሥራዬ ቢሆን አንባቢ ዝም ሲል መጽሐፉን አልጨረሰም እላለሁ። አንቺ ላይ ግን አይሠራልኝም። አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ እንደምትፈሪው ደግሞ ለሳምንት እቀመጣለሁ።

ታላቅሽ

ሐምሌ 17

እታለም፣

ይቅርታ በየትኛው ቃል እንደሚባል እንጃ። ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል፣ ተራ በተራ ትራሴ ሥር ገብተዋል። መጻፍ ያልቻልኩት የምጽፈው ሁሉ መጨረሻ እየመሰለኝ ነው። አሁን ግን ልንገርሽ።

የሰጠኋት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው። «አልጠፋም ነበር፣ ዋሽቼሻለሁ። መጨረሻው የእናት ነገር ነው። ልጅቷም ቤቱን ትታ ትሄዳለች። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው የደበቅሁት» አልኳት። ባጠናሁት መንገድ አልነበረም የወጣው፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ዝርግፍ አለ። ተቀብላኝ ክፍሏ ገባች። በሩን ግን አላጋጨችውም። እኔም እንዳዘዝሽኝ ወጣሁ፤ ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከቤቱም ወጥቼ ገበያውን ያለ ምንም ጉዳይ ዞርኩት።

ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ጧት ፀጉሯን ስታበጥር መስታወቱ ውስጥ አየችኝና «አንቺ ስታነቢው ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ።

«ዘጠኝ።»

«መጀመሪያውን ሳታነቢ?»

«ሳላነብ።»

«ታዲያ እናትየዋን ሳታውቂያት ነው ያለቀስሽው?»

ማልቀሴን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳትም። «አዎ» አልኳት። «እሷ እኮ እንዲህ ያለ ድራማ አትወድም ነበር» አለች፣ ስለ ራሷ እናት። «ስታንጎራጉርም ድምፅዋ አያምርም ነበር።» ከዚያ ማበጠሪያውን ወርውራልኝ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ስለ እናቷ ስታነሳልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

እና ሄደች፣ እታለም። ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ። ሻንጣዋን ያጠፍኩላት እኔ ነኝ፣ ሹራቧን ከታች፣ ሸሚዞቿን ከላይ። አውቶቡሱ ሲነሳ ባሌ ሰዓቱን አየ፤ የቆመ ሰዓት አድርጎ ነበር የወጣው። እኔ እንደ ደህና ሰው እጄን አውለበለብኩ። ቤት ስገባ ግን የምይዘው የምጥለው ጠፋኝ። መጋረጃ አወረድኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። የፋርማሲውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት፤ ባለቤቱ «ወይ ዕረፍት ውጪ ወይ ደመወዝሽን ልጨምር» አለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የመጨረሻውን ገጽ በእጄ ሰጥቻት ነው የሄደችው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

በየጊዜው ስልክ ትደውላለች፣ ለአባቷ። እኔ ሳነሳው «አባዬ አለ?» ትላለች፣ እጠራዋለሁ። ከእሱም ጋር ቢሆን «ደህና ነኝ፣ እሺ፣ እሺ» ነው።

ትናንት ስልኩ ጮኸ፤ ድንች እየጠበስኩ ነበር። ድምፅዋን ስሰማ ገና ሳትጠይቀኝ «አባትሽ ሱቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደውዪ» አልኳት።

«አውቃለሁ ሱቅ እንደሆነ። አንቺን ፈልጌ ነው» አለችኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» አልኳት። «አይ፤ መጽሐፍ ጨረስኩ። እዚህ ቤት የሚያነብ ሰው የለም። አክስቴን ልነግራት ብጀምር ‹ታዲያ ይህ እውነት ነው?› እያለች ታቋርጠኛለች። ልንገርሽ?» «ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ታሪኩ ድሮ ለመርከቦች ያበራ የነበረ፣ አሁን መብራት የሌለው የባሕር ዳርቻ ማማ ላይ ነው፣ ጠባቂው ሞቶም ሥራውን አልተወም፣ ሴት ልጁም መሞቱን ልትነግረው አሳዝኗት ሻይ ታቀርብለታለች። ድንቹ አረረ። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ የጎረቤቷ ሴትዮ በሩን ደበደበች፤ በእጄ ሂጂ ሂጂ አልኳት። መሃል ላይ ልጅቷ ቆም አለችና «ትሰሚኛለሽ?» አለች። «እየሰማሁሽ ነው፣ ሻይ አቀረበችለት፣ ከዚያስ?» አልኳት።

ያን ጊዜ፣ እንደ ዋዛ፣ ትንፋሽ በምትወስድበት መሃል፣ «ትምህርት ሲከፈት እመጣለሁ፤ ክፍሌን ለሰው እንዳትሰጡብኝ» አለችኝ።

ማልቀሴ እንዳይሰማት አፌን በጨርቅ ይዤ «ማን ይነካዋል?» አልኳት። እሷ ግን ስለ ክፍሉ ጨርሳ ነበር፤ የማማውን ደረጃ መውጣት ጀምራለች፣ እኔም ተከተልኳት።

ታናሽሽ